የፉል ፍሬም ሌንስ በክሮፕ ካሜራ ላይ፦ 24–70ውን ልግዛው ወይስ ልተወው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ፎቶ ቤት አለኝ። የምሠራበት ካሜራ ካኖን 700ዲ ሲሆን ክሮፕ ከሚባሉት፣ ማለትም ሴንሰራቸው (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ካለው ወገን ነው፤ ሌንሴም ከካሜራው ጋር የመጣው፣ ኪት የሚባለው 18–55 ብቻ ነው (ቁጥሩ በሚሊሜትር ነው፤ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ሲበዛ ጠባብ)። ሰሞኑን ሙያውን ትቶ ወደ ሌላ ሥራ የገባ ወዳጄ በፉል ፍሬም፣ ማለትም ባለ ትልቅ ሴንሰር ካሜራ ሲጠቀምባቸው የነበሩ ሁለት ሌንሶቹን፣ 24–70 ኤፍ 2.8ንና 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8ን (ኤፍ የሌንሱ መከፈቻ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል) ሊሸጥልኝ ፈቃደኛ ሆኗል። የሁለቱ ዋጋ ስለሚከብደኝ 18–55ቱን ሸጬ ልደጉምበት አስቤያለሁ። አንድ ሌንስ ነጋዴ እንደነገረኝ የፉል ፍሬም ሌንስ ክሮፕ ካሜራ ላይ ሲገጠም ኃይሉ ይጨምራል፤ 50ው 80 ይሆናል፤ የኪት ሌንሱ ግን ለክሮፕ ተብሎ ተሰልቶ የተሠራ ስለሆነ ባለበት ይቀራል። እንዲህ ከሆነ የሚጎድልብኝ ነገር አይታየኝም። የጥር ሰርጎች ሳይጀምሩ መወሰን ስላለብኝ ልምዱ ያላችሁ ሐሳባችሁን ብትለግሱኝ አመሰግናለሁ።

ምላሾቹ

ክሩ እስከ ዛሬ 29 ምላሾች ደርሰውታል። ዘግይተው የሚገቡ አባላት ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ስለሚያነሡ፣ ጠያቂው እኔው እንደ መሆኔ፣ የተባለውን በየቁጥሩ እየጠቀስሁ በራሴ አገላለጽ አቀርበዋለሁ።

ቁጥር 1 ላይ ከባቲ የጻፈው አባል በሰላምታና በእንኳን ደስ ያለህ ጀምሮ፣ ሁለቱም ሌንሶች ያለ ምንም ማገናኛ ካሜራዬ ላይ እንደሚገጠሙ አረጋገጠልኝ። ካኖን የኢኤፍ ሌንሶችን በ1987 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ በዚያ አፍ (ሌንሱና ካሜራው በሚገጣጠሙበት ቦታ) ልክ የተሠሩት ሌንሶቹ በእኔ ዓይነቱ ካሜራ ላይ ይገባሉ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ለክሮፕ ካሜራዎች ተለይተው የመጡት ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች ግን በ5ዲና በ6ዲ ዓይነት ፉል ፍሬም ካሜራዎች ላይ አይገጠሙም። መለያውንም ነገረኝ፤ ቀይ ነጥብ ያለበት ኢኤፍ፣ ነጭ ካሬ ያለበት ኢኤፍ-ኤስ ነው። ካሜራዬን አንሥቼ ስመለከት ሁለቱም ምልክቶች አፉ ላይ አሉ። በየቀኑ ሳየው የኖርሁትን ነገር ትርጉሙን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ደስታዬን ያደፈረሰው ቁጥር 2 ነው። ጸሐፊው የኮምቦልቻ ሰርግ አንሺ ሲሆን ነገሩን የጀመረው 18–55ቱን እንዳልሸጥ በመለመን ነበር። ምክንያቱንም በደረሰበት አስረዳ። ሐይቅ ከተማ አካባቢ በተደረገ ሰርግ ላይ ክሮፕ ካሜራው ላይ 24–70 ብቻ ገጥሞ ወደ ዳሱ ገባ። አያት፣ እናትና አባት፣ አጎቶች፣ አክስቶችና ልጆች ተደርድረው ሲጠብቁት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እያለ ሄዶ በአምስተኛው ጀርባው ከዳሱ ሸራ ጋር ተጋጠመ፤ ዳር የቆሙት ሁለት አጎቶች ግን አሁንም ከፍሬሙ ውጭ ነበሩ። ሰዎቹን እንዲጠጋጉ ቢለምናቸው አክስቶቹ ቀሚሳችን ይጨማደዳል ብለው እንቢ አሉ። ከዳሱ ወጥቶ በመግቢያው በኩል ለማንሣት ሲሞክር ደግሞ ወጥ የያዙ አስተናጋጆች በፊቱ ይመላለሱ ጀመር። በመጨረሻ ቤተሰቡን ለሁለት ከፍሎ አነሣ። ከአጎቶቹ አንዱ ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር ሁሉም በአንድ ላይ ያሉበትን ፎቶ እንደሚጠይቀው ጽፏል። የ24ቱን ነገር በቁጥር ሲያስቀምጠው፣ ካኖን ክሮፕ ላይ 24 በ1.6 (የፉል ፍሬም ሴንሰር ጎን ከካኖን ክሮፕ በሚበልጥበት እጥፍ) ሲባዛ 38 ገደማ ስለሚመጣ፣ ፉል ፍሬም ላይ ሰፊ የሆነው ሌንስ በእኔ ካሜራ ሰፊ መሆኑ ይቀራል ማለቱ ነው።

ቁጥር 3 ከዚሁ ከደሴ የጻፈ የእግር ኳስ ጨዋታ አንሺ ነው፤ አነጋገሩ ከመጀመሪያው ኮምጠጥ ያለ ነበር። ሰርግ አንሺው ቀድሞ ቦታ መርጦ ባለመቆሙ ሌንሱን ሊወቅስ እንደማይገባው፣ 50 ክሮፕ ላይ 80 እንደሚሆን፣ 70–200ም እስከ 320 እንደሚደርስ፣ ይህን ያህል ጉልበት በነጻ ሲገኝ ማማረር ምስጋና ቢስነት እንደሆነ ጻፈ። ስፋት የሚፈልግ ሰው በስልኩ ቢያነሣ እንደሚሻለውም አከለ። ይህች የመጨረሻዋ ባትጨመር ጥሩ ነበር።

ክሩን ወደ ዋናው ጉዳይ የመለሱት ቁጥር 4 ላይ የጻፉት የወልድያ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ሌንስ ወደ ካሜራው ውስጥ የሚጥለውን ምስል በእንጀራ መሰሉት። የፉል ፍሬም ሌንስ የሚጥለው ክብ 36 በ24 ሚሊሜትር የሆነውን ሴንሰር ከጥግ እስከ ጥግ መሸፈን ስላለበት ስፋቱ ቢያንስ 43 ሚሊሜትር ነው። የ700ዲ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ብቻ ስለሆነ ከዚያው እንጀራ መሀል መሀሉን ቆርሶ ይወስዳል፤ የሚወስደውም ፉል ፍሬም ከሚወስደው 38 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረው ብርሃን ከሴንሰሩ ውጭ፣ በካሜራው ውስጠኛ ጥቁር ግድግዳ ላይ ወድቆ ይቀራል። ስለዚህ እንደ መምህሩ አባባል 50 ሚሊሜትር ምንጊዜም 50 ነው፤ ያነሰው ቁራሹ ነው፤ 80 የሚባለው ቁጥርም ፉል ፍሬም ላይ ይህንኑ ያህል ቁራሽ የሚያሳየውን ሌንስ ለማመልከት የተበጀ ማነጻጸሪያ ነው። ይህ ላልገባው ደግሞ ጦሳን አስታወሱት፤ ተራራው በሰፊ መስኮትም ታየ በጠባብ፣ አንድ ስንዝር አይቀርብም። እኔ ከሁለቱ ምሳሌዎች የያዝሁት እንጀራውን ነው፤ ያነበብሁት ምሳ ሳልበላ ስለነበር ይሆናል።

ቁጥር 5 ላይ የኳስ አንሺው ተመለሰ፤ ይበልጥ ተቆጥቶ ነበር። ወደ መድረኩ የመጣው ክፍል ገብቶ ሊማር እንዳልሆነ፣ የተጫዋቹ ፊት ፍሬሙን ሞልቶ በዓይኑ እያየ ተራራው አልቀረበም የሚለውን ትምህርት እንደማይቀበል ጻፈ። እኔም ስለ እውነት ለመናገር በልቤ ከእሱ ጋር ነበርሁ።

ሁለቱን ያስታረቀው ከቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የሚጽፈውና ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚያነሣው የቁጥር 6 ጸሐፊ ነው። በእሱ አስተያየት መምህሩ ስለ ሌንሱ ትክክል ናቸው፤ ኳስ አንሺውም ያየው ነገር ሐሰት አይደለም፤ መካከላቸው የጎደለው የፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ነገር ነው። 18 ሜጋፒክስል ያለው 700ዲ ነጥቦቹን በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያጭቅ የአንዱ ስፋት 4.3 ማይክሮሜትር ነው፤ 21 ሜጋፒክስል ባለው በ5ዲ ማርክ 2 ላይ ግን 6.4 ነው። ሁለቱ በአንድ ዓይነት 200 ሚሊሜትር ሌንስ ከአንድ ቦታ ላይ ሆነው አንዲት ቀበሮ ቢያነሡና የ5ዲው ፎቶ 700ዲው የሚያሳየው ያህል ብቻ እስኪቀር ቢቆረጥ የሚተርፈው 8 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። 700ዲው ግን 18ቱንም እዚያችው ቀበሮ ላይ ያውላል። ሩቅ ላለና ሊቀርቡት ለማይቻል ነገር የፉል ፍሬም ሌንስን ክሮፕ ላይ ማድረግ እውነተኛ ጥቅም አለው ብሎ የደመደመው በዚህ ነው፤ ቀበሮዋ ዳስ ውስጥ ስለማትቆም የቁጥር 2 ችግር እንደማያገኘውም በቀልድ ጨመረ።

ቁጥር 7 አጭር ነበር፤ ነጋዴው የነገረኝን ደግሞ የኪት ሌንሱ 18 እውነተኛ 18 ስለሆነ መባዛት የለበትም አለ። መምህሩ ቁጥር 8 ላይ ይህን በትዕግሥት አረሙት። ሌንስ ላይ የሚጻፈው ሚሊሜትር የሌንሱ የራሱ ጠባይ እንጂ የየትኛው ካሜራ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር አይደለም፤ ኢኤፍ-ኤስም ሆነ ኢኤፍ ላይ የሚጻፈው ያው ነው፤ ማነጻጸር ከተፈለገ 18ቱም ተባዝቶ 29 ገደማ ይሆናል። የሌንሶቹ ልዩነት አንዱ የሚጥለው እንጀራ ትንሽ፣ የሌላው ትልቅ መሆኑ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሌንሶች እዚያው ካሜራ ላይ ሳወዳድር ማባዛቱን ትቼ 18ን ከ24 ጋር እንዳለ ማስተያየት እንዳለብኝ ነገሩኝና ስሌቱን ሠሩልኝ፤ 3 ሜትር ርቄ ስቆም በ18 የማየው ስፋት 3.7 ሜትር ሲሆን በ24 ግን 2.8 ሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ሁለት ሰው ያቆማል። የሐይቅ ሰርግ አጎቶችን ያስቀረቻቸው ይህችው ሜትር መሆኗ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። መነሻ ጽሑፌ ላይ የነጋዴውን ቃል ሳልመረምር ማስፈሬ አሳፍሮኛል፤ ሌሎች እንዳይሳሳቱ ስሕተቱን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ ብርሃን ዞረ፤ ሙቀቱም ጨመረ። ቁጥር 9 ላይ አዲስ አበባ የሚኖር የደሴ ልጅ፣ ክሮፕ ላይ ኤፍ 2.8 ተባዝቶ ኤፍ 4.5 ስለሚሆን ለውድ ሌንስ የሚወጣው ገንዘብ ውኃ እንደሚበላው ጻፈ። ለዚህ ቁጥር 10 ላይ መልስ የሰጠችው የላሊበላዋ እህታችን ናት። የገናን ዋዜማ ሌሊት ለዓመታት በክሮፕ ካሜራ ስታነሣ እንደኖረች፣ የብርሃን መለኪያው ካሜራው ክሮፕ ነው ብሎ ቁጥሩን እንደማይለውጥ፣ ኤፍ 2.8 የትም ይሁን የት በዚያው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ትብነት) እና በዚያው ፍጥነት (መዝጊያው ክፍት በሚቆይበት ጊዜ) ያንኑ ድምቀት እንደሚሰጥ አስረዳች። የኪት ሌንሱ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ 2.8 ግን ከዚያ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ነጠላ ለብሶ ጧፍ የያዘ ምዕመን በኪት ሌንስ 1/15 ሰከንድ ሲጠይቅ በ2.8 እስከ 1/60 ይደርሳል፤ በ1/15 የተነሣ ሰው ትንሽ ከተነቃነቀ ፊቱ ይቀልጣል፤ በ1/60 ግን ይተርፋል።

ቁጥር 11 መልካም አልነበረም። የአዲስ አበባው ልጅ፣ እህታችን ጉዳዩን ከሥሩ ሳታውቅ እንደምትከራከር ጽፎ ሌላም ቃል ጨምሮ ነበር፤ አስተባባሪው ያንን ቃል አጥፍቶ ቁጥር 12 ላይ ሁለቱንም ወደ አደብ ጠራ። ቡና ላይ ተቀምጠን የማንናገረውን እዚህ እንዳንጽፍ አሳሰበና የራሱን ፍርድ ሰጠ። እሷ ስለ ድምቀት የተናገረችው እውነት ነው፤ እሱ የሚለው 4.5 ደግሞ ለሌላ ነገር ይሠራል። አንድን ሰው በሁለቱ ካሜራዎች ከአንድ ርቀት ላይ፣ ፍሬሙን በእኩል እንዲሞላ አድርገን ብናነሣ፣ ክሮፕ ላይ በ2.8 የሚገኘው የዳራ ብዥታ ፉል ፍሬም ላይ በ4.5 የሚገኘውን ያህል ነው። ትንሹ ሴንሰር በጠቅላላው የሚሰበስበው ብርሃን አነስተኛ ስለሆነም በጨለማ ፎቶው ላይ የሚታየው አሸዋ መሰል ቅንጣት ይበረክታል። ስለዚህ የተጣሉት እሷ ስለ ድምቀት፣ እሱ ስለ ፎቶው መልክ እየተናገሩ ነው። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል፤ ጥል ያነሣው ግን የሒሳቡ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ከአነጋገሩ ያስታውቃል።

እህታችን ስድቡን እንዳላየ አልፋ ቁጥር 13 ላይ ጠቃሚ ነገር አከለች። 18–55ቱ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ መሣሪያ በውስጡ አለው፤ የካኖን ኢኤፍ 24–70 ኤፍ 2.8 ግን የለውም። የቆመ ነገር፣ ለምሳሌ የቤተ ጊዮርጊስን ግድግዳ በምሽት ለማንሣት ርካሹ ሌንስ ውዱን ሊበልጠው ይችላል፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ሲሆን ግን የሚያድነው የሌንሱ መከፈት ብቻ ነው። በእጅ ተይዞ ሲነሣ ፍጥነቱ ከሚሊሜትሩ እንዳያንስ የሚባለው የቆየ ደንብም ክሮፕ ላይ በ1.6 መባዛት አለበት፤ 50ው ከ1/80 በታች ባይወርድ ይመረጣል።

ቁጥር 14 ላይ የጻፉት ሰኞ ገበያ አካባቢ በፊልም ዘመን ፎቶ ቤት የነበራቸው አባት ናቸው። የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው እንደሆነ ገልጸው ልጆቼ ብለው ጀመሩ። ዛሬ ፉል ፍሬም እየተባለ የሚከበረው ልክ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሁሉ የሠሩበት የ35 ሚሊሜትር ፊልም ልክ እንደሆነ፣ ያኔ ግን ማንም ሙሉ ብሎ እንዳልጠራው አስታወሱ። በአንዲት 50 ሚሊሜትር ሌንስ ጉርድ ፎቶም፣ ቁመትም፣ ቤተሰብም ያነሡ ነበር። ቤታቸው ከመጋረጃው እስከ ተቃራኒው ግድግዳ 4 ሜትር ነበረች። ልጃቸው ሥራውን ተረክቦ ክሮፕ ካሜራ ሲገዛ ያችኑ የአባቱን ልክ አምኖ 50 ሚሊሜትር ገጠመና የመጀመሪያውን ደንበኛ በቁም ሊያነሣ ተዘጋጀ። ግድግዳው እስኪይዘው ቢያፈገፍግ የሰውዬው ጫማ አልገባ አለ። ጫማው ሲገባ ባርኔጣው ይወጣል። ደንበኛው ለፎቶው ሲል አዲስ ጫማ ገዝቶ የመጣ ሰው ነበር።

እኒህ አባት ነገሩን በሜትር ለክተውታል። አንድን ሰው ከራሱ በላይና ከእግሩ በታች ትንሽ አየር ትቶ በቁም ለማንሣት 2.1 ሜትር ያህል ቁመት ፍሬሙ ውስጥ መግባት አለበት። ካሜራው በቁመት (የፍሬሙ ረጅም ጎን ወደ ላይ ሆኖ) ተይዞ በ50 ሚሊሜትር ይህን ለማግኘት በፊልም ወይም በፉል ፍሬም 2.9 ሜትር መራቅ ይበቃል፤ በካኖን ክሮፕ ግን 4.7 ሜትር ያስፈልጋል። የእሳቸው ቤት ሁለቱ ቁጥሮች መካከል ላይ ስለወደቀች ለአባት የበቃችው ለልጅ ጠበበች። ልጁ በኋላ ወደ 35 ሚሊሜትር ዞሮ በ3.3 ሜትር መሥራት ጀመረ። ለእኔም ምክራቸው ቀላል ነበር፤ ሌንስ ከመግዛቴ በፊት ሜትር ገዝቼ ቤቴን እንድለካ አሳሰቡኝ።

ይህ ምላሽ ክሩን ለጥቂት ጊዜ ከመንገድ አስወጥቶታል። ቁጥር 15 እናቱና አባቱ ሲጋቡ የተነሡት እዚያ ቤት ሳይሆን እንደማይቀር ጻፈ፤ ቁጥር 16 ደግሞ አባባን ለመመረቅና ጤናቸውን ለመጠየቅ ብቻ የገባ ነበር። አስተባባሪውም ዝም አለ፤ ደግ አደረገ።

ቁጥር 17 ለኒኮን ተጠቃሚዎች የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው። የኒኮን ክሮፕ የሚባዛው በ1.5 ነው፤ ነገር ግን ዲ3000ና ዲ5000 ተብለው በሚጀምሩት መስመሮች ውስጥ ያሉት ካሜራዎች የራሳቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው እንደ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8ዲ ያለው አሮጌ ሌንስ ቢገጠምም በእጅ ካልተሽከረከረ ፎከስ አያደርግም። ጸሐፊው ይህን የተማረው ዲ3200 ላይ ገጥሞ ሌንሱ ተበላሽቷል ብሎ ከሻጩ ጋር ከተጣላ በኋላ ነው።

ቁጥር 18 ደሴ ጉም የማይለያት ከተማ በመሆኗ ያገለገለ ሌንስ ሻጋታ ይዞ እንደሆነ በምን እንደሚታወቅ ጠየቀ። ቁጥር 19 በሰጠው መልስ፣ የሌንሱን ሁለቱንም ክዳኖች አውልቆ፣ የስልክ መብራት በአንደኛው በኩል አብርቶ በሌላኛው በኩል አጋድሎ ማየት ይበቃል፤ ሻጋታ ካለ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ክር ይታያል። የወዳጄን ሁለት ሌንሶች በዚሁ ዘዴ አይቻቸዋለሁ፤ ንጹሕ ናቸው።

ቁጥር 20 አንድ በሰፊው የተነገረ አባባል አመጣ፤ ክሮፕ ካሜራ የትልቁን ሌንስ መሀል ብቻ ስለሚወስድ ፎቶው ከፉል ፍሬሙም ይጠራል የሚል ነው። የቦረናው ቀበሮ አንሺ ቁጥር 21 ላይ ግማሹን ተቀበለ፤ ግማሹን ጣለ። የፍሬሙ ማዕዘኖች መጨለምና መደብዘዝ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የሌንሱ ደካማ ዳር ከቁራሹ ውጭ ይቀራል። መሀሉ ግን የበለጠ ይፈተናል። የ700ዲ ነጥቦች ጥግግታቸው ሳይለወጥ ሴንሰሩ ወደ ፉል ፍሬም ቢሰፋ 46 ሜጋፒክስል ገደማ ይሆን ነበር፤ በ24 ሜጋፒክስሉ 2000ዲ ሲሰላ ደግሞ ከ60 ያልፋል። ለፊልም ዘመን የተሠራ አሮጌ ሌንስ በሙሉ ተከፍቶ ይህን ያህል እንዲለይ ሲጠየቅ ይለግማል። እሱ ራሱ አንድ አሮጌ ሌንሱን እስከ ኤፍ 5.6 ካላጠበበ እንደማያምነው ጽፏል።

የኮምቦልቻው ሰርግ አንሺ ቁጥር 22 ላይ ተመልሶ ስለ ክብደት አነሣ። የመጀመሪያው የካኖን 24–70 ኤፍ 2.8 ክብደቱ 950 ግራም ሲሆን 700ዲው ከነባትሪው 580 ግራም ነው። ሌንሱ ካሜራውን ይበልጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ወደ ፊት ይደፋል፤ ከሥር መያዝ ያለበትም ሌንሱ ነው፤ በተለይ እንደ 4000ዲ ያለ የሌንስ መግጠሚያው ፕላስቲክ የሆነ ካሜራ ያለው ሰው መጠንቀቅ ይገባዋል። የሌንሱ የጥላ ቆብም ለሰፊው ፍሬም የተቀደደ በመሆኑ ክሮፕ ላይ የሚገባውን ያህል ፀሐይ አይከልልም፤ እሱ በግራ እጁ መዳፍ ይደግፈዋል።

ቁጥር 23 ይህን ሁሉ ከመጨነቅ ያገለገለ 6ዲ መግዛት ይሻላል አለ። ቁጥር 24 ላይ ኳስ አንሺው በአንድ መስመር መለሰለት፤ ሌንስ ለመደጎም የኪት ሌንሱን ሊሸጥ ያሰበን ሰው ካሜራ ግዛ ማለት ዳቦ ላጣ ኬክ ብላ እንደ ማለት ነው የሚል መንፈስ ነበረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ከእሱ ጋር ተስማሙ። እህታችን ግን ቁጥር 25 ላይ የሚረባ አማራጭ አሳየች። ለስፋት የተሠራው ኢኤፍ-ኤስ 10–18 ክብደቱ 240 ግራም ብቻ ነው፤ 10 ላይ ሲሆን በፉል ፍሬም 16 የሚያሳየውን ያሳያል። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ከአፋፉ ሆኖ ማንሣት ለማንኛውም ሌንስ ቀላል ነው፤ ወርዶ ከሥሩ ለማንሣት ግን የአባባ ስሌት እዚያም ይመጣል። ቁመቱ ወደ 12 ሜትር የሚጠጋውን ሕንጻ በ24 ለማስገባት ወደ 13 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ጉድጓዱ ግድግዳ ያለው ቦታ ይህን አይፈቅድም፤ ዓለቱ ደግሞ እንደ ዳስ ሸራ አይገለጥም። በ10 ሲሆን 5 ሜትር ተኩል ያህል ይበቃል።

ነገሩን የቆረጠልኝ ቁጥር 26 ነው። መምህሩ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ፈተና አዘዙልኝ፤ የ18–55ቱን ዙም 24 ላይ አቁሜ በፕላስተር እንዳሽገውና ወደ አንድ ሰርግ እንድሄድ ነበር። 24–70ውን ብገዛ ከዚያ የሚሰፋ ነገር ስለማይኖረኝ የሚጎድለኝን ሳልገዛ አየዋለሁ።

አደረግሁት፤ ውጤቱንም ቁጥር 27 ላይ ጻፍሁ። ሰርጉ ተሁለደሬ ነበር። ሜዳ ላይ፣ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱና ሲጨፈር ፕላስተሩን ረስቼው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሙሽራዋን ለመመረቅ በጠባቡ ሳሎን ተቀምጠው እሷ ጉልበታቸውን ልትስም ስትጎነበስ ግን ጀርባዬ በሩ ላይ ተለጥፎ፣ ከመራቂዎቹ አንዱ አፉ ብቻ፣ ሌላው እጁ ብቻ ይታየኝ ጀመር። ፕላስተሩ ቀትር ሳይሆን ተቀደደ። ማታ ደግሞ ሌላው ችግር መጣ፤ ፕላስተሩ ከተነሣ በኋላ በ55 ያነሣኋቸው የጭፈራ ፎቶዎች በኤፍ 5.6 እጅና ትከሻቸው ቀልጦ ወጣ። ከ5.6 ወደ 1.8 የሚሰጠው ብርሃን 10 እጥፍ ገደማ ስለሆነ 50ውን ገዛሁት፤ 18–55ቱንም አልሸጥሁም። 24–70ው መጥፎ ሌንስ ሆኖ አይደለም፤ የእኔ ሥራ ግማሹ ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ነው። እስካሁን እወዳጄ ዘንድ አለ፤ ሜዳ ላይ የሚሠራ ሰው ካለ ይጻፍልኝ።

ቤቴንም ለካሁ፤ 5 ሜትር ከ10 ነው። በአዲሱ 50 ሰው በቁም ይገባል፤ እኔ ግን ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ነው የማነሣው።

ቁጥር 28 ላይ ኳስ አንሺው፣ ስለ ቀደመው ክርክር አንድም ቃል ሳያነሣ፣ በቅርቡ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ፎቶ ቤት እንደከፈተ፣ ክሮፕ ካሜራው ላይ 50 ሚሊሜትር እንደገጠመ፣ ክፍሏም 3 ሜትር ከ60 እንደሆነችና የደንበኞቹ ጫማ እየተቆረጠ እንዳስቸገረው ጽፎ አባባን በአክብሮት ምን እንደሚመክሩት ጠየቃቸው።

ቁጥር 29 የአባባ ነው። በሩን ከፍቶ ከደጅ እንዲያነሣ ነገሩት።